«አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» የሚባለው ውሻ

በእንጅባራና በዳንግላ አካባቢ ውሻ የገበሬው የሌሊት ዘበኛ ነው። የዋሸራ በጎችን ከጅብ የሚጠብቀው እሱ ነው። ይሁን እንጂ ለአባ ሰንጋና ለአባ ጎርባ ክትባት ጥሪ ሲደረግ ገበሬው በሬውንና ላሙን ነድቶ ይመጣል፤ ውሻውን አስሮ የሚያመጣው ግን ከስንት አንድ ነው። ውሻ በገበያ ዋጋ የለውምና።

የዚህ ቸልታ ጉዳት የሚታወቀው የእብድ ውሻ በሽታ በገባ ጊዜ ነው። በሽታው ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ሁሉም የሚያውቀው፣ ያገኘውን እየነከሰ የሚሮጠው ነው። ሁለተኛው ዝምተኛው ነው። ውሻው ጥግ ይዞ ይተኛል፤ መንጋጋው ይንጠለጠላል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል፤ መዋጥ ያቅተዋል። ባለቤቱም «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ብሎ እጁን ከአፉ ይከታል። የተነከሰች ላምም ስትታመም እንዲሁ ይደረጋል። ቫይረሱ ያለው በምራቅ ውስጥ ስለሆነ በእጅ ላይ ያለ ጭረት ይበቃዋል።

ውሻው በሕይወት ሳለ በሽታውን በእርግጠኝነት የሚለይ ቀላል ምርመራ የለም። አስተማማኙ ዘዴ ከሞተ በኋላ ከአንጎሉ ናሙና ወስዶ በልዩ ማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ይህን ከሚሠሩት አንዱ በአዲስ አበባ የሚገኘው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ ከእንጅባራ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ናሙናው በበረዶ ታሽጎ መሄድ አለበት። በገጠር ግን የተጠረጠረ ውሻ የሚገደለው ጭንቅላቱ በዱላና በድንጋይ ተፈጥፍጦ ነው፤ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል።

ገንዘብ የማይጠይቅ ሌላ ዘዴ አለ። ደህና የሚመስል ውሻ ሰው ቢነክስ አይገደልም፤ በጠንካራ ሰንሰለት ታስሮ 10 ቀን ይጠበቃል። ቫይረሱ በምራቅ መውጣት የሚጀምረው ምልክቱ ከመታየቱ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ስለሆነ፣ ሲነክስ ያስተላልፍ የነበረ ውሻ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ይታመማል፤ ይሞታልም። ደህና ሆኖ ከቆየ ሐኪሙ የተጀመረውን ክትባት ሊያቆም ይችላል። የተነከሰው ሰው ግን 10 ቀን አይጠብቅም። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

ምልክቱ ከታየ በኋላ ውሻውን የሚያድን ሕክምና የለም። ከሰውም የዳኑት እጅግ ጥቂት ናቸው። ያም ሆኖ የእንዶድ ሥር በጥብጦ የሚያጠጣ አለ፤ «እገሌ ድኗል» የሚል ምስክርም አይጠፋም። ነገሩ የሚምታታው እዚህ ላይ ነው። ነካሹ ውሻ ወዲያው ስለተገደለ በሽተኛ መሆኑ አልታወቀም፤ ከተነከሰም ሁሉ በሽታው አይያዘውም። በሽታው ለመታየት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅበታል። በዚህ መካከል ምስጋናው ለሥሩ ይሆናል።

ሰው ከጤና ጣቢያ የሚሸሽበት ምክንያት ግን ባህል ብቻ አይደለም። ከበግ አንጎል ይዘጋጅ የነበረው የቀድሞው ክትባት ለተከታታይ ቀናት በሆድ ላይ ይወጋ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ክትባት እንዲቀር በ1984 (እ.ኤ.አ.) ቢመክርም፣ በአገራችን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት አገልግሏል። ፍርሃቱ የቀረው ከዚያ ነው። አዲሱ ዓይነት በክንድ ላይ፣ በጥቂት ቀጠሮ ይሰጣል።

ዋናው ሥራ ግን ውሻው ዘንድ ነው። ከ10 ውሾች 7ቱ በየዓመቱ ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። የገጠር ውሻ ለእንግዳ አይያዝም፤ ለጌታው ወይም ለእረኛው ልጅ ግን እሺ ይላል። ስለዚህ ለከብት ክትባት ቀን ሲቆረጥ ለውሻውም አብሮ ቢቆረጥ፣ ገመዱን ይዞ የሚመጣው ሰው አስቀድሞ ይታወቃል። ጥር 23 በእንጅባራ በዓሉን የሚያከብሩት የአገው ፈረሰኞች ይህን ሊያስቡበት ይገባል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ለፈረስም አይመለስም።