በአማካሪ እጅ ስለዘገየው የመመረቂያ ጽሑፋችን የቀረበ አቤቱታ

ለዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ ያለ ምላሽ ስለሚቆዩ የመመረቂያ ጽሑፎችና ስለደረሰብን ጉዳት አቤቱታ ስለማቅረብ

ክቡር ፕሬዚዳንት፣

እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ ማመልከቻ ጋር በተያያዘው ዝርዝር ላይ የሰፈረ የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎች ይህን አቤቱታ የምናቀርበው መምህራኖቻችንን ለመክሰስ ወይም የተቋማችንን ስም ለማጉደፍ አይደለም። አብዛኞቻችን ራሳችን መምህራን ነን፤ የሚታረም ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ሲከመር ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ሆኖም የማስተርስ ተማሪዎቹ በሁለት ዓመት እንጨርሰዋለን ብለን የጀመርነው ትምህርት አራተኛ ዓመቱን ይዟል። በየቢሮው ደጅ ስንጠና ከርመን መልስ ስላጣን፣ በታላቅ ትሕትና ወደ እርስዎ ቀርበናል።

የምንጠይቀው ነገር፣ ማለትም ጽሑፋችን በጊዜው ተነብቦ እንዲመለስልን፣ ለአገራችን ከፍተኛ ትምህርት እንግዳ አይደለም። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ሲጀምር የተቀበላቸው ተማሪዎች 33 ነበሩ። ተማሪው ያን ያህል ጥቂት ሲሆን መምህሩ እያንዳንዱን በስሙ ጠርቶ፣ ጽሑፉን አንብቦ፣ ስህተቱን ማሳየት አይሳነውም። ኮሌጁ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ስድስት ኪሎ በሚገኘው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ተስፋፋ። ከአብዮቱ በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የማስተርስ፣ በ1987 ደግሞ የዶክትሬት ትምህርት ጀመረ። የእኛ ዩኒቨርሲቲ ብዙ መምህራኑን ያገኘው ከዚያ ነው። የተማሪው ቁጥር ሲበዛ ግን ጽሑፍን አንብቦ የመመለሱ ልማድ እየሳሳ እንደመጣ በራሳችን ላይ አይተናል።

የተማሪ ጽሑፍ መደርደሪያ ማሞቂያ እንዳልሆነም ታሪክ ይመሰክራል። በ1960ዎቹና ከዚያ በኋላ የታሪክ ክፍል ተማሪዎች ወደየአካባቢው ወርደው፣ ሽማግሌዎችን ጠይቀው ያዘጋጇቸው የመጀመሪያ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፎች ዛሬ የታሪክ ምንጭ ሆነዋል። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ የዘመናዊ ኢትዮጵያን ታሪክ ሲጽፉ እንዲህ ያሉትን የተማሪ ጥናቶች በምንጭነት ተጠቅመዋል። እነዚያ ወጣቶች ጽሑፋቸውን በጊዜው አንብቦ የሚያርም መምህር ባያገኙ ኖሮ፣ የሽማግሌዎቹ ቃል ከሽማግሌዎቹ ጋር በተቀበረ ነበር።

ቃል ከባለቤቱ ጋር የመቀበሩ አደጋ ዛሬ በእኛ ላይ ደርሷል። ከመካከላችን አንዱ በትውልድ ወረዳው ከአረጋውያን ቃል ተቀብሎ ጽሑፉን አዘጋጀ። ቃላቸውን ከሰጡት መካከል ሁለቱ ዐርፈዋል። ጽሑፉ ግን እስከ ዛሬ የምዕራፍ ሁለትን አስተያየት እየጠበቀ ነው።

በዝርዝር የተበደልንባቸው ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው፦

1. ጽሑፋችን ለአማካሪ ከገባ በኋላ በስንት ቀን እንደሚመለስ የሚያስገድድ አሠራር የለም። አንዳንዶቻችን ለአንድ ምዕራፍ ሙሉ ሴሚስተር ጠብቀናል። አማካሪው ለትምህርት ወደ ውጭ ሲሄድ ተተኪ ሳይመደብልን ወራት አልፈዋል።

2. መዘግየቱ ከእኛ ባይሆንም፣ ሴሚስተሩ ባለፈ ቁጥር የማራዘሚያ ምዝገባ ክፍያ እንጠየቃለን። ይህ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆኖብናል። ከደመወዛቸው ቆጥበው የሚማሩ ባልደረቦቻችን መክፈል አቅቷቸው ትምህርቱን አቋርጠዋል።

3. መሥሪያ ቤቶቻችን የሰጡን የትምህርት ፈቃድ ጊዜው ሲያልቅ፣ ያለ ዲግሪ ወደ ሥራ ተመልሰናል። የደረጃ ዕድገታችን ቀርቷል። ለምን እንዳልጨረስን ለአለቆቻችን የምናሳየው ማስረጃ እንኳ ዩኒቨርሲቲው አይሰጠንም።

የመምህራኖቻችንን ችግር ሳንጠቅስ ብናልፍ ፍርደ ገምድል እንሆናለን። ብዙዎቹ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን ሙሉ የማስተማር ጫና ተሸክመው ነው የሚያማክሩት። የማማከር ክፍያቸው ይዘገያል፤ የኑሮ ውድነቱ ተጨማሪ ሥራ እንዲፈልጉ አስገድዷቸዋል። ስለዚህ የምንለምነው መምህራኑ እንዲቀጡ አይደለም፤ አሠራሩ እንዲስተካከል ነው።

በመሆኑም፦

ሀ. ለአማካሪ የገባ ጽሑፍ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አስተያየት እንዲመለስ፣ ካልተመለሰ የትምህርት ክፍሉ ሌላ አንባቢ እንዲመድብ፤

ለ. አንድ መምህር የሚያማክራቸው ተማሪዎች ቁጥር እንዲወሰን፣ የማማከር ሥራው ከማስተማር ጫናው ላይ እንዲታሰብለትና ክፍያው በወቅቱ እንዲደርሰው፤

ሐ. መዘግየቱ ከተማሪው ካልሆነ የማራዘሚያ ክፍያ እንዳይጠየቅ፣ እስካሁን የተከፈለውም ተጣርቶ እንዲመለስ፤

መ. ለመሥሪያ ቤቶቻችን የምናቀርበው፣ የመዘግየቱን ምክንያት የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲሰጠን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ያቀረብነው ጥያቄ አዲስ ሕንፃ ወይም ብዙ በጀት አይሻም። እርስዎም በአንድ ወቅት ተማሪ ሆነው የጽሑፍዎን መመለስ የጠበቁ ነዎት። ያን ጊዜ ያነበበልዎትን መምህር አስታውሰው፣ ዛሬ ለእኛም የሚያነብልን እንዲያገኙልን እንማጸናለን። ገና በሕይወት ያሉት አረጋውያን ቃላቸው ተጽፎ እንዲያዩ፣ ምላሽዎን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አመልካቾቹ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች