«ጎበዝ ነው» ብለን ሁሉን አናሸክመው

እንቅልፍ አጣሁ፣ ራሴን ያመኛል፣ ምግብ አልበላ አለኝ ብለው ወደ ሐኪም ከሚመጡ ሠራተኞች መካከል የደም ምርመራቸው ምንም የማያሳይ አሉ። ኑሯቸውን ሲጠየቁ ግን ወሬው ዞሮ ዞሮ መሥሪያ ቤታቸው ላይ ያርፋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ የሥራ መዛልን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት አድርጎ መዝግቦታል። በሽታ ነው አላለም። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፤ አቅም ማጣት፣ ሥራውን መጥላት ወይም ከሥራው በስሜት መራቅ እና «ምንም አልሠራሁም» የሚል ስሜት። መነሻውም በሥራ ቦታ ያለ፣ በአግባቡ ያልተያዘ የቆየ ጫና ነው።

ጫናን ከሚያበዙት ነገሮች አንዱ ማን ምን እንደሚችል ሳያውቁ ሥራ ማከፋፈል ይመስለኛል። በዚህ ረገድ ከይርጋጨፌ፣ ከወናጎና ከኮቸሬ የቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች የምንማረው አለ። ቀይ እሸቱን የሚመርጥ አለ፤ ቡናው ከተብላላ በኋላ ልጋጉ መልቀቁን በእጁ አሽቶ የሚያውቅ አለ፤ ማድረቂያ አልጋው አጠገብ ሆኖ የተጎዳውን ፍሬ የሚለቅም አለ። የአንዱ ዓይን፣ የሌላው እጅ ካልተጋገዙ ጥሩ ቡና አይወጣም።

በቢሮና በጤና ተቋም ግን ብዙ ጊዜ ሁለት ስህተት ይታያል። አንደኛው፣ ሰው የማወያየት ተሰጥኦ ያላትን ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ መዝገብ ላይ ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ «እሱ ጎበዝ ነው» እየተባለ የሁሉም ሥራ አንድ ሰው ላይ ይከመራል። ጎበዙ ይዝላል፤ ሌሎቹም አይፈለጉም የተባሉ ያህል ይቀዘቅዛሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ኃላፊዎች ሥራ ከመደልደላቸው በፊት «የቱ ሥራ ይቀልሃል? የቱስ ያደክምሻል?» ብለው ይጠይቁ። ማንም የማይወደውን ሥራ በተራ ያዳርሱ። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀውን ሥራ ሌላም እንዲማረው ያድርጉ፤ ያኔ ባለሙያው ያለ ሐሳብ ዕረፍት ይወጣል።

ሠራተኛው በበኩሉ ለአንድ ሳምንት ያህል ቀኑን ያነቃቃውንና ያዛለውን ሥራ ማታ ማታ ይጻፍ። ከዚያ ለአለቃው «ይህን ብሠራ ቡድኑን ይበልጥ እጠቅማለሁ» ብሎ ማቅረብ ይችላል። ይህ ከማጉረምረም ይሻላል።

አንድ ነገር ግን እንዳይዘነጋ። ችሎታን ማወቅ የሰው ኃይል እጥረትን ወይም የዕረፍት ማጣትን አይተካም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመትም ቢያንስ 16 የሥራ ቀናት የዓመት ዕረፍት ይሰጣል። ይህ ለሰውነት የሚያስፈልግ እንጂ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

የእንቅልፍ ችግር፣ ተስፋ መቁረጥ ወይም ለማንኛውም ነገር ፍላጎት ማጣት ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ «የሥራ ድካም ነው» ብለው አይለፉት፤ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ተቋም ይሂዱ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ለነገ የሚባል አይደለም፤ ለሚያምኑት ሰው ይንገሩና በዚያው ቀን ይታከሙ።

ባልደረባዎ የሚችለውን ካወቁ፣ የሚከብደውንም ያውቃሉ። የሥራ ቦታ ጤና የሚጀምረው ከዚህ ነው።