ጭሱን ማን ይመስክር?

ሂዝ ሮቢንሰን የኦሃዮ ብሔራዊ ዘብ ባልደረባና የጦር ሜዳ ሐኪም ረዳት ነበር። ኮሶቮ ዘመተ፤ ኢራቅም ዘመተ፤ ተመልሶም ቤተሰብ መሠረተ። ከዓመታት በኋላ የሳንባ ካንሰር ያዘው። እ.ኤ.አ. በ2020 ሚስቱንና ትንሽ ልጁን ትቶ አርባ ዓመት ሳይሞላው አረፈ።

እሱ በዘመተባት በኢራቅም ሆነ በአፍጋኒስታን በነበሩት የአሜሪካ ጦር ሰፈሮች ቆሻሻ ይወገድ የነበረው በእሳት ነው። ሰፊ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ፕላስቲክ፣ ባትሪ፣ ቀለም፣ የሕክምና ቁሳቁስ፣ የሰው ዓይነ ምድር ሳይቀር ይጣልበታል፤ ከዚያ በጄት ነዳጅ ይለኮሳል። ከባግዳድ በስተሰሜን ባለው የባላድ ሰፈር ጭሱ ቀንና ሌሊት አይቋረጥም ነበር። ወታደሩ የሚበላውም የሚተኛውም እዚያው ጭሱ ሥር ነው።

ታሞ ካሳ ሲጠይቅ ግን ሦስት ነገር አምጣ ይባል ነበር፦ በሽታው ዛሬ እንዳለበት፣ በአገልግሎት ላይ ሳለ ጉዳት ወይም መጋለጥ እንደደረሰበት፣ ሁለቱ እንደሚያያዙም የሐኪም ቃል። የመጀመሪያው ቀላል ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ስንቱን ደጅ ሲያስጠኑ ኖረዋል! ዘብ የቆመ ወጣት የሚተነፍሰውን አየር እየለካ መዝገብ አይዝም። ከ2007 እስከ 2020 ከእነዚህ ጉድጓዶች ጋር በተያያዘ 12,582 የቀድሞ ወታደሮች አመልክተው ጥያቄያቸው የተፈቀደላቸው 2,828 ብቻ ነበሩ። ሩብ እንኳ አይሞሉም።

ማን የት እንደዘመተ የሚያሳየው ሰነድ በመንግሥት እጅ ነው። ጉድጓዱን ያስቆፈረውም፣ ነዳጁን ያቀረበውም መንግሥት ነው። ማስረጃውን ራሱ ይዞ ሳለ ኦክስጅን ተሰክቶለት የተኛን ሰው «አስረዳ» ማለት በደል ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

በደሉ ደግሞ አዲስ አይደለም። ቬትናም ውስጥ ከ1962 እስከ 1971 ኤጀንት ኦሬንጅን ጨምሮ ቅጠል አርጋፊ መርዝ ከአውሮፕላን ሲረጭ ቆየ። በዚያ መርዝ ለታመሙት ወታደሮች «በአገልግሎት የመጣ ነው» የሚል የሕግ ግምት በአዋጅ የተደነገገላቸው በ1991 ነው። የደም ግፊት በዝርዝሩ ውስጥ እስኪገባ ደግሞ 2022 መድረስ ነበረበት። በ1970 የሃያ ዓመት ጎረምሳ የነበረው ሰው ያኔ 72 ዓመት ሞልቶታል፤ ብዙ ጓዶቹን ቀብሯል።

በዚሁ በ2022 ለጭሱ ተጎጂዎችም የሚሆን ሕግ የሮቢንሰንን ስም ይዞ ወጣ፤ በዋዛ ግን አልወጣም። አማቱ የእሱን የወታደር ጃኬት ለብሳ የምክር ቤት አባላትን ቢሮ ለቢሮ ስትማጸን ከርማለች። በሐምሌ መጨረሻ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ረቂቁን ሲያግደው የቀድሞ ወታደሮች በሙቀትና በዝናብ የምክር ቤቱ ሕንፃ በሆነው በካፒቶል ደረጃ ላይ አደሩ። ከስድስት ቀን በኋላ በ86 ድምፅ ለ11 አለፈ። አሁን በተወሰኑት አገሮችና ዘመናት ያገለገለ ሰው ለጭሱ እንደተጋለጠ ይቆጠራል፤ ከሃያ በላይ ለሆኑ በሽታዎችም ምክንያቱን እንዲያስረዳ አይጠየቅም። ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው፤ ለሌሎች ጉዳቶችም ሊሰፋ ይገባል።

የካሳ ክፍያው የሚሰላው በጉዳቱ መቶኛ ነው። ስሌቱ ግን ብዙዎችን ያሳስታል፤ 50 እና 30 ሲደመሩ 80 አይሆኑም። ሠላሳው የሚታሰበው ከቀረው ሃምሳ ላይ ስለሆነ 65 ይመጣል፤ ያም ወደ 70 ይጠጋጋል። በ2025 ቤተሰብ የሌለው ባለ 10 በመቶ ጉዳተኛ በወር 175 ዶላር ገደማ ያገኝ ነበር፤ ባለ 100 በመቶው 3,831።

በአሜሪካ ጦር ያገለገሉ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። ከ2022 በፊት አመልክቶ የተከለከለ ካለ ጥያቄውን እንደገና ማቅረብ ይችላል። የማመልከት ሐሳቡን አስቀድሞ ያስመዘገበ ሰው፣ ሰነዱን በአንድ ዓመት ውስጥ ካሟላ፣ ክፍያው ካስመዘገበበት ቀን ጀምሮ ሊታሰብለት ይችላል። ዕውቅና ያላቸው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራትም ማመልከቻውን በነፃ ያዘጋጃሉ። እናትና አባት፣ ልጃችሁ ሲያስል ከሰማችሁ የት እንደዘመተ ጠይቁት፤ ዛሬውኑም እንዲያመለክት አድርጉ።