የአንዱ ደስታ ለሌላው ድንጋጤ እንዳይሆን

ሰው ሲደሰት ጎረቤቱ እንዲያውቅለት ይወዳል። እልልታውም፥ ከበሮውም፥ ጭፈራውም የተሠራው ለዚሁ ነው፤ የሚነቅፈውም የለም። ነገር ግን በዓልና ሠርግ በመጣ ቍጥር በሌሊት በየመንደሩ የሚተኮሰው ርችት ከእልልታ ጋራ አንድ ተደርጎ ሊቈጠር አይገባም። እልልታ የሰማውን ሁሉ ወደ ደስታው ይጠራል፤ ርችት ግን ተኳሹን አስደስቶ የቀረውን ያስደነግጣል።

ከሚደነግጡትም ዋነኞቹ አቤት የሚሉበት አንደበት የሌላቸው እንስሳት ናቸው። የሰው ጆሮ በሴኮንድ እስከ 20 ሺህ ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ሲሰማ፥ የውሻ ጆሮ እስከ 45 ሺህ ያህል፥ የድመት ጆሮም ከ60 ሺህ በላይ የሚርገበገበውን እንደሚሰማ በምርመራ ታውቋል። ከዚህም በቀር ሰው ቀኑ በዓል መሆኑን ስለሚያውቅ ፍንዳታውን ሰምቶ ይስቃል፤ ለውሻ ግን ዕንቍጣጣሽ መሆኑን የሚነግረው የለም። ስለዚህ ይንቀጠቀጣል፥ ምግቡን ይተዋል፥ ያለዚያም ገመዱን በጥሶ ይጠፋል። የጠፋውንም መኪና ይገጨዋል፤ ወይም በሌላ ውሻ ተነክሶ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞ ይመለሳል። ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ከሞት የሚተርፍበት ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ እንግዲህ የውሻው ጉዳት በውሻው ላይ ብቻ አይቀርም።

የሰማይ ወፎችም ከዚህ አያመልጡም። በሆላንድ አገር ሊቃውንት የአየር ጠባይ መመርመሪያ ራዳር ተመልክተው፥ በአውሮፓውያን አዲስ ዓመት ሌሊት ርችቱ እንደ ተተኮሰ አእላፍ ወፎች ካረፉበት ተነሥተው በጨለማ እንደሚበርሩ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2011 ዓመት ጽፈዋል።

በወሎ፥ ይልቁንም እንደ ኩታበር ባለው ስፍራ፥ ነገሩ ከዚህ የከበደ ነው። ኩታበር ከደሴ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። በዚያ አገር ውሻ መጫወቻ አይደለም፤ ሌሊት በረቱን ከጅብ፥ ግልገሉን ከቀበሮ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። በፍንዳታ የበረገገ ዘበኛ ደግሞ ጥበቃውን ይተዋል። በበረት የታጐሩ በጎች በድንጋጤ እርስ በርሳቸው ይረጋገጣሉ፤ የተጫነ በቅሎም ጭነቱን ጥሎ ይፈረጥጣል። ሀብቱ ከብቱ ለሆነ ገበሬ ይህ ሁሉ ቀላል ኪሣራ አይደለም።

ደግሞም ያ አገር የፍንዳታን ድምፅ በሌላ ምክንያት ያውቀዋል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲቃረብ ኩታበር የውጊያ ግንባር ሆና ነበር፤ ደሴና ኮምቦልቻም ተይዘው ከቈዩ በኋላ መመለሳቸው የተነገረው ኅዳር 27 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ቀናት መድፍ ሲያጓራ በእናቱ ጉያ የተሸሸገ ሕፃን፥ ዛሬ በሌሊት ርችት ሲፈነዳ የሚያስታውሰው ሠርግ አይደለም። እናቲቱም ብትሆን በሩን ዘግታ ልጆቿን ትቈጥራለች። ጎረቤቱን ወደዚያ ሌሊት የሚመልስ ደስታ በውኑ ደስታ ሊባል ይችላልን?

አንዳንዶች ሠርግ ያለ ተኩስ አይደምቅም፥ ከአባቶች የወረስነው ነው ይላሉ። በወሎ ገጠር ለሠርግና ለለቅሶ ጥይት መተኮስ የቈየ ልማድ መሆኑ እርግጥ ነው። ሆኖም ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት በሰማይ አይቀርም፤ ሲመለስም የሚያርፍበትን አይመርጥም። በዓድዋ በዓል በአዲስ አበባ የሚተኮሰውም መድፍ ቢሆን ቀኑና ስፍራው የታወቀ፥ ተኳሹም ኀላፊነት ያለበት ነው። የመንደሩ ርችት ግን ጊዜም፥ ስፍራም፥ ኀላፊም የለውም።

ሕጉም በዚህ ነገር ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1225ኛው አንቀጽ፥ ባለንብረት ከመልካም ጉርብትና ወሰን ያለፈ ጩኸት በማድረግ ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። የአዲስ አበባ ፖሊስም በበዓላት ዋዜማ ርችት እንዳይተኮስ ሲያስጠነቅቅ ተሰምቷል። በእንግሊዝ አገር ከታወቁት ጥቂት ሌሊቶች በቀር ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት ርችት መተኮስ ክልክል ነው። በኢጣልያም ኮሌኪዮ የምትባለው ከተማ ለእንስሳት ስትል ድምፁ ዝግ ያለ ርችት ብቻ እንዲተኮስ ወስናለች።

ነገር ግን በየደጁ ፖሊስ ማቆም አይቻልም። ወሎ ግን ከፖሊስ የቀረበ ዳኛ አለው፤ ይኸውም ቅሬው ነው። ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በሐዘንና በደስታ የሚያሰባስብ ቅሬ፥ በሠርግ ቤት ጥይትም ሆነ ርችት እንዳይተኮስ ቢወስን፥ የማይታዘዘው ማን ነው? ርችት የግድ ነው ከተባለም ከመንደርና ከበረት በራቀ ሜዳ፥ ገና በጊዜ፥ ለጎረቤት አስቀድሞ ተነግሮ ይሁን። ነጋዴም ለልጆች ከመሸጥ ይከልከል። ባለ እንስሳም በበዓል ዋዜማ ውሻውን ወደ ቤት ያግባ፤ መስኮቱን ይዝጋ፤ የእብድ ውሻ ክትባቱንም በጊዜው ያስከትብ።

ለእንስሳ መራራት የደግ ሰው ምልክት መሆኑን መጽሐፈ ምሳሌ ያስተምራል፤ ለተጠማ ውሻ ውሃ ያጠጣ ሰው ከአላህ ምሕረት ማግኘቱም በእስልምና ትምህርት ይነገራል። ሁለቱን ሃይማኖት በአንድ ደጅ አስማምቶ የሚኖር ሕዝብ፥ በዓሉን ማንንም ሳያስደነግጥ ለማክበር የሚጐድለው የለም። እልልታው ይበቃዋል።