ከቆራሌው ጋር ስሻማ

ቤቴን ላላያችሁ ልንገራችሁ። ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ፣ ያለ ሊፍት። ከታናሽ እህቴ ጋር ነው የምንኖረው። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ወገቧን ይዛ ሳሎኑ መሃል ቆማ ጠበቀችኝ።

«ዛሬ ቆጠርኩ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ካውያ ሦስት፣ ፋኖስ አራት፣ የማይሠራ ሬዲዮ ሁለት፣ ማሾ አንድ፣ ታይፕራይተር አንድ። ሰው የሚቀመጥበት ወንበር ግን ሁለት ብቻ። እኔ የምኖረው ቤት ነው ወይስ ምናለሽ ተራ?»

ምን ልበላት? እኔ አሮጌ ዕቃ እሰበስባለሁ። ያውም ሰው ሁሉ የሚፈልገውን ደህና ደህናውን ሳይሆን እንግዳ እንግዳውን። ቅዳሜ መርካቶ ገብቼ ምናለሽ ተራን ካልዞርኩ ሳምንቱ ያለቀ አይመስለኝም። ሠፈር ውስጥ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ስሰማ ደረጃውን በሩጫ ወርጄ ጆንያ አስከፍታለሁ። ቆራሌው መጀመሪያ ሰሞን ይስቅብኝ ነበር። አሁን ነቅቷል፤ እኔን ሲያይ ዋጋ ይጨምራል።

እህቴ ደግሞ ከስልኳ የማይጠፉት የእነዚያ ነጭ ቤቶች ወዳጅ ናት። ታውቋቸዋላችሁ፤ ነጭ ግድግዳ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ አበባ፣ በቃ። (ሰዎቹ ድስታቸውን የት እንደሚያስቀምጡ አንድም ቀን አሳይተው አያውቁም።) ለረጅም ጊዜ ክርክራችን በእሷ ባዶ ቤትና በእኔ ሙሉ ቤት መካከል ይመስለኝ ነበር። እንዳልሆነ የገባኝ እማዬ ልትጠይቀን የመጣች ቀን ነው።

እማዬ አራቱን ፎቅ ወጥታ፣ ትንፋሿን ሰብስባ ከተቀመጠች በኋላ ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ካለው የከሰል ካውያ ላይ አረፈ። አነሳችው፣ መዘነችው፣ ክዳኑን ከፍታ እፍ አለችበት። «ስንት ገዛኸው?» አለችኝ። ዋጋውን ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። የአባቴን ሸሚዝ ስትተኩስበት የኖረችውን፣ እኔ አንደኛ ክፍል የገባሁ ዕለትም ዩኒፎርሜን የተኮሰችበትን ካውያ «ልዋጭ!» እያለ ለሚዞር ልጅ ሰጥታ አንዲት ጎድጓዳ የፕላስቲክ ሳህን ተቀብላበታለች። «ሳህኗ እስካሁን አለች» አለች፤ ከእሷም በላይ ያሳቃት ይሄ ነበር።

ሳቋን ስትጨርስ ግን «ይሄኛውስ የማን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

አላውቅም። የሦስቱንም አላውቅም። ቤቴ ውስጥ ሦስት ካውያ አለ፣ የእናቴ ግን የለም። እኔ ለካ እማዬ የሸኘችውን ዕቃ በሌላ ሰው ዕቃ ልተካ ነው ስሮጥ የኖርኩት። አንዱ ባይተካው ሁለተኛ፣ ሁለተኛው ባይተካው ሦስተኛ። እንዲህ ከሆነ አሥር ብገዛም አይሞላ!

ከዚያን ቀን በኋላ ስለ አያቴ ቤት ደጋግሜ አሰብኩ። ከእኔ ሳሎን የማይሰፋ ቤት ነበር። ዛሬ በቸርችል ጎዳና ሱቆች ለቱሪስት የሚሸጠው ነገር ሁሉ እዚያ ነበረ። አገልግሉ፣ ሌማቱ፣ ሙዳዩ፣ የቀንድ ዋንጫው፣ ብርሌው። እዚያ ቤት ገብቶ ጠበበኝ ያለ ሰው ግን አላስታውስም። አገልግሉ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል፣ መንገድ የሚሄድ ሰው ሲኖር ይወርዳል፣ ሲያረጅ ሌላ ይሰፋል። መደቡ ቀን መቀመጫ፣ ማታ መኝታ ነው። አያቴ ስለ ነጭ ግድግዳ የነገራት ሰው የለም፤ ቤቷ ውስጥ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ ዕቃ ስላልነበረ ብቻ ነው ቦታ የተረፋት።

የከተማ ቤታችንን ያጣበበው ቡፌ ነው ባይ ነኝ። አዎ፣ ያ መስታወታሙ ቡፌ! እንግዳ ካልመጣ የማይነካ ስኒ፣ እንግዳ ሲመጣም «እንዳይሰበር» ተብሎ የማይወጣ ብርጭቆ የተደረደረበት። የእኔ መደርደሪያ ሌላ ቡፌ እንጂ ምን ነበር? ስኒውን አውጥቼ በፋኖስ ተካሁት እንጂ ሥራው ያው ነው። ለዓይን ብቻ።

ስለዚህ ከእህቴ ጋር ተደራደርን። ያለን መደርደሪያ አንድ ነው፣ ሁለተኛ አይሠራም። አንድ ሲገባ አንድ ይወጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የእማዬን ጥያቄ የማይመልስ ዕቃ ደረጃችንን አይወጣም። ከሬዲዮዎቹ አንዱን ጠጋኝ ጋ ወስጄ ነፍስ ዘራ፤ አሁን ማዕድ ቤት ሆኖ ጠዋት ጠዋት ዜና እንሰማበታለን። ሌላው አልድን ሲል ለዕቃው ለጠጋኙ ተውኩለት። ሁለት ፋኖስ ቀርቷል፤ መብራት ሲጠፋ ይበራሉ (ይህ ምክንያት መቼም አይጠፋም)። ካውያዎቹን ቆራሌው መልሶ ገዛኝ። በስንት እንደሆነ አልናገርም፤ ያተረፈው እሱ ነው።

ታይፕራይተሩ ግን ቀረ። እህቴ መጀመሪያ ጣቷን የቀሰረችው እሱ ላይ ነበር፤ እውነቷን ነው፣ ካሉን ዕቃዎች ትልቁና ከባዱ ነው። የአማርኛ ነው። የፊደላችንን ብዛት በቁልፍ መደርደር ስለማይቻል ሆሄውን ከቁርጥራጭ እየቀጣጠለ የሚጽፍ ዓይነት። የአማርኛ ታይፕራይተር ሲነሣ የኢንጂነር አያና ብሩ ስም አብሮ ይነሣል፤ እኔ ስለዚህኛው የምነግራችሁ ግን የሸጡልኝን ሰውዬ ነው። ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው ራፖር ሲጽፉ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ዓይናቸው ሲደክም ሸጡልኝ። «ጋሼ፣ ስንት ዓመት ሠሩበት?» ብላቸው ዓመቱን ትተው «በዚህ ስንት ሰው እንዳፋታሁ ብነግርህ አትገዛውም!» አሉኝ። ይህን ለእህቴ ስነግራት ሳቀች። አሁን እንግዳ ሲመጣ ታሪኩን የምትናገረው እሷ ናት፤ እኔ እንኳ ተራ አላገኝም።

ቦታ የማይፈጁም አሉ። ከአያቴ የቀረችን ጠገራ ብር እህቴ የጌጥ ሳጥን ውስጥ ናት፤ 28 ግራም ገደማ። ላይዋ ላይ 1780 ይላል። ይህ ግን ዕድሜዋን አይነግረንም። ማርያ ቴሬዛ በዚያው በ1780 እ.ኤ.አ. ሞታ ገንዘቧ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ከዚያ በኋላም ሲመታ ኖሯል። የአፄ ምኒልክ ምስል ያለበት ብር ፓሪስ ተሠርቶ ከመጣ በኋላም ሕዝቡ ጠገራውን ቶሎ አልተወም፤ አንጥረኛው ደግሞ እያቀለጠ የአንገት መስቀል ሠራበት። በአንጻሩ አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. ባቋቋሙት አምሃ ሬከርድስ ከታተሙት ሁለት ሸክላዎች ነበሩኝ። የውጭ ሰብሳቢዎች ዋጋቸውን ሰማይ ሰቅለውታል። እኔ ግን ማጫወቻ የለኝም! ማጫወቻ ላለው ጓደኛዬ ሰጠሁት፤ ቅዳሜ ማታ እሱ ቤት ሄደን እንሰማቸዋለን።

እስካሁን ያወራኋችሁ ቀላሉን ነው። አንድ የቀረ አለ።

ከአራት ዓመት በፊት ከአንድ ሱቅ አንድ የብራና ቅጠል ገዝቼ ነበር። አንድ ገጽ፣ ቀይና ጥቁር ቀለም፣ በአንዱ ወገን የመልአክ ሥዕል። መስታወት አስገብቼ ሰቀልኩት። ቀጭን ነው፤ ቦታ አይዝም፣ እህቴም ወዳዋለች። ቆጠራው ላይ እንኳ አላነሣችውም። ባለፈው ወር የቄስ ትምህርት ቤት የተማረ ጓደኛዬ መጣና ቆሞ ያነብ ጀመር። ሲጨርስ «ከመሃል ነው የሚጀምረው፤ ሳያልቅም ይቆማል» አለኝ። ጠጋ ብሎ የቅጠሉን ጠርዝ በጣቱ አሳየኝ። በምላጭ የተቆረጠ ነው። «የቀረውስ የት አለ?» አለኝ።

እማዬ ካውያው ላይ የጠየቀችኝን ነበር ያስታወሰኝ። የማን ነበር? ካውያው ላይ መልስ ማጣት ቢያስቅ ነው። እዚህ ግን አንድ ሰው መጽሐፍ ገሽልጧል፤ ያስገሸለጠው ደግሞ እንደ እኔ ለግድግዳው ጌጥ የሚፈልግ ገዢ መኖሩ ነው። «እኔ ባልገዛው ሌላ ይገዛው ነበር» የምትለዋን ሰበብ እኔም ብያታለሁ፣ አታሳምንም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል፤ እኔ ከአገር አላወጣሁም ብዬ ልጽናና? ቆራጩ ምላጩን የሚያነሣው ቦሌ ሲደርስ አይደለም።

አቶ ሲራክ አስፋውን ታስታውሳላችሁ? ሮተርዳም የሚኖሩት ኢትዮጵያዊ። በ1998 እ.ኤ.አ. እሳቸው ቤት ባረፈ እንግዳ ሻንጣ ውስጥ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ዘውድ አገኙ፤ የጨለቆት ሥላሴ ንብረት። ዘውዱ ከእጃቸው እንዳይወጣ አድርገው ለ21 ዓመት በአፓርታማቸው ጠበቁት። ሳይሸጡት፣ የእኔ ነው ሳይሉት። በየካቲት 2012 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። በአንዲት አፓርታማ ውስጥ ዘውድ ደብቆ 21 ዓመት መኖር ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ አስቡት። እኔ ያለኝ አንድ ቅጠል ነው፤ እሱም ካወቅሁ ወዲህ ከታይፕራይተሩ ይበልጥ ከብዶኛል።

ሻጩ ጋ ተመለስኩ። «ከሌላ ዕቃ ጋር በጥቅል ነው የመጣው» አለኝ፤ ከማን እንደገዛው አልነገረኝም። እናም ቅጠሉን ከመስታወቱ አውጥቼ በንጹህ ጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። ሰኞ ጠዋት ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ወዳለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እወስደዋለሁ። እዚያ የብራና ሰዎች አሉ፤ ጽሑፉን አይተው የየትኛው መጽሐፍ ወገን እንደሆነ ቢነግሩኝ እሰየው፣ ባይነግሩኝም ከእኔ ግድግዳ ይልቅ እዚያ ይሻለዋል። «ከየት አገኘኸው?» ብለው እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። የሱቁን ስም ጭምር እነግራቸዋለሁ።

ግድግዳው ላይ ምስማሩ ብቻ ቀርቷል። እህቴ ትናንት ማታ ሻይ ይዛ ትክ ብላ ስታየው ቆየችና «እዚያ ምን ልንሰቅል ነው?» አለችኝ። ነጭ ግድግዳ የምትወደዋ ልጅ! ገና አልመለስኩላትም።