የላም ምጥ ሰዓት አለው

«ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ተረት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ነገር ግን ብዙዎቻችን በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠን፥ ላሞቻችንን በደብረ ብርሃን ወይም በአንኮበር ለሰው እጅ አስረክበን የምንኖር ስለ ሆንን፥ ተረቱ በራሳችን ላይ ሲፈጸም አናስተውለውም። ቅቤው በየበዓሉ ሲመጣልን «ላሚቱ ደኅና ናት» እንላለን። እርሷ ግን በወለደች ቍጥር በሞትና በሕይወት መካከል የምትቆምበት ሰዓት አለ፤ ይኸውም የምጧ ሰዓት ነው። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ልንነጋገርበት የወደድነው ስለዚሁ ሰዓት ነው።

እኛ የችሎት ጸሓፊ እንደ መሆናችን ብዙ ክርክር በመዝገብ ጽፈናል፤ ከእነዚህም አንዱ እስከ ዛሬ ከልባችን አልወጣም። አንድ ባለ ላም ጊደሩን ለአንድ ገበሬ በአደራ ሰጥቶት ነበር፤ ውላቸውም ገበሬው ወተቷን ሊወስድ፥ የምትወልደውን ግን እኩል ሊካፈሉ ነው። ጊደሪቱ በመጀመሪያው ምጧ ጥጃዋ ሞተባት፤ እርሷም ከወደቀችበት ሳትነሣ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ባለቤቱ «በቸልተኝነት ገድሏታልና ዋጋዋን ይክፈለኝ» ብሎ ከሰሰ፤ ገበሬውም «የእግዚአብሔር ሥራ ነው እንጂ የእኔ ጥፋት አይደለም» ብሎ መለሰ።

ዳኛውም «የሽርት ውሃዋ የፈሰሰው በስንት ሰዓት ነው?» ብለው ምስክሮቹን ቢጠይቋቸው፥ አንዱ «ዶሮ ሲጮኽ» አለ፤ ሁለተኛው «ከብት ሲሰማራ» አለ፤ ሦስተኛው ደግሞ «እኔ የተጠራሁት በቀትር ለመሳብ ነው» አለ። አምስት ሰዎች ጥጃውን በጠፍር እንደ ሳቡት ተረጋገጠ፤ ሰዓቱን ግን የሚያውቅ አልተገኘም። በመጨረሻም ገበሬው «ሐኪም ስለ ምን አልጠራህም?» ተብሎ ቢጠየቅ፥ «ዋጋውን ማን ሊከፍልልኝ?» አለ። ባለቤቱ በዚህ ጊዜ ዝም አለ፤ በውላቸው ስለ ሐኪም ዋጋ የተነገረ አንድ ቃል አልነበረምና። ነገሩ በሽማግሌ ታረቀ፤ እኛ ግን መዝገቡን ስንዘጋ ጥፋቱ የአንድ ሰው ብቻ እንዳልነበረ ተረዳን።

የምጥ ችግር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዘጠኝ ወር በፊት፥ በማዳቀል ቀን ነው። በ1939 ዓ.ም. ገደማ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1947፥ የተባበሩት መንግሥታት የርዳታና የመልሶ ማቋቋም ድርጅት የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች ለኢትዮጵያ ከሰጠ ወዲህ፥ የውጭ ዘር በሀገራችን እየተስፋፋ ሄዷል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1974 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የከብት እርባታ ማዕከልም በደብረ ብርሃን ጣቢያ አቁሞ፥ የቦረናና የፍሪዥያን ቅይጥ ላሞችን ከገበሬዎች ጋራ ሆኖ ይመረምር ነበር። ከዚህ የተገኘው የወተት ጥቅም ታላቅ ነው። ነገር ግን የሀገራችን ላም ጥጃ ሲወለድ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሲመዝን፥ የፍሪዥያን ጥጃ 40 ኪሎ ያኽላል። እንግዲህ በትንሽ ጊደር ላይ የትልቅ ኮርማ ዘር ያለ ምክር ማዳቀል፥ በጠባብ በር ሰፊ ዕቃ ለማስወጣት እንደ መሞከር ነው። ስለዚህ ጊደር አካሏ የሙሉ ላም ክብደት ሁለት ሦስተኛ ያኽል ሳይደርስ አትዳቀል፤ አዳቃዩም ባለሙያ ጥጃው ትንሽ ሆኖ የሚወለድለትን ኮርማ እንዲመርጥላችሁ ጠይቁት። በክርክሩ ላይ ያየናትን ጊደር በትልቅ ኮርማ ዘር ያስዳቀላት ባለቤቱ ራሱ ነበር፤ ይህን ግን ለገበሬው አልነገረውም ነበር።

ላም የምትወልደው ከተዳቀለች በኋላ ከ280 እስከ 290 ባለው ቀን ነው፤ ስለዚህ የተዳቀለችበትን ቀን የጻፈ ሰው ምጧ በድንገት አይደርስበትም። ግቷ ሲሞላ፥ ከጅራቷ ሥር ያለው ጅማት ሲላላ፥ ንጹሕ ጭድ አንጥፎ ለብቻዋ ማቆም ይገባል። ከዚያ በኋላ ትቅበጠበጣለች፥ ትነሣለች፥ ትተኛለች፤ ይህ የመጀመሪያው ምጥ ከ2 እስከ 6 ሰዓት፥ በጊደር ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ከሩቅ ሆኖ መጠበቅ እንጂ እጅን ማስገባት ጥፋት ነው፤ የቸኰለ እጅ ገና ያልተከፈተውን በር ይቀድደዋልና።

ውሃው ከታየ በኋላ ግን ሰዓቱ ይቈጠራል። የወለደች ላም በአንድ ሰዓት፥ ጊደር በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትገላገል ይገባታል፤ አጥብቃ እያማጠች በግማሽ ሰዓት ውስጥ ምንም ለውጥ ካልታየ ሐኪም ይጠራ። አንኮበር ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያኽል ይርቃል፤ መንገዱም ገደላማ ነው። እንግዲህ ሐኪሙ በመንገድ ላይ የሚያጠፋው ጊዜ ከላሟ ዕድሜ ላይ የሚቀነስ ስለ ሆነ፥ ሩቅ ያለ ሰው ቀድሞ ይላክ። ሐኪሙ መጥቶ በደኅና ወልዳ ቢያገኛት፥ ይህ ደስታ እንጂ ኪሳራ አይደለም።

ደኅና የመጣ ጥጃ፥ በሁለት እጆቹ መካከል ራሱን አድርጎ እንደሚሰግድ ሰው ነው፤ ሁለቱ የፊት እግሮች ይቀድማሉ፥ የሰኮናቸውም መርገጫ ወደ ምድር ይመለከታል፥ አፍንጫውም በላያቸው ያርፋል። መርገጫው ወደ ሰማይ ቢመለከት ብዙውን ጊዜ የኋላ እግር ነው፤ እንዲህ የመጣ ጥጃ እትብቱ ተጨምቆ እንዳይታፈን ዳሌው ከወጣ በኋላ ቶሎ ይወጣ። ሁለት እግር ያለ ራስ፥ ወይም ራስ ከአንድ እግር ጋራ፥ ወይም ጅራት ብቻ ቢታይ ግን ከቶ አይሳብ። የዞረው ራስ ወይም የታጠፈው እግር ሳይቃና መሳብ ጥጃውንም እናቱንም መግደል ነው። በዚያ ቀትር አምስቱ ሰዎች የሳቡት ራሱ ወደ ኋላ የዞረውን ጥጃ ነበር።

መንገዱ ቀና ሆኖ ጕልበት ብቻ ካነሳት ለመርዳት ይቻላል። የሚረዳው ሰው ጥፍሩን ይቍረጥ፥ እጁን እስከ ክንዱ በሳሙና ይታጠብ፥ ጓንቲ ያድርግ፤ ብሩሴሎሲስ የሚባለው ከብትን የሚያስወርደው በሽታ በዚህ መንገድ ወደ ሰው ይተላለፋልና። ንጹሕ ገመድ ከጥጃው ቍርጭምጭሚት በላይ ታስሮ፥ እርሷ ስታምጥ እግሮቹን በየተራ መሳብ፥ ስታርፍ ከእርሷ ጋራ ማረፍ ነው። ከሁለት ሰው ጕልበት በላይ አያስፈልግም፤ ሁለት ሰው የማያወጣው ጥጃ የሐኪም እጅ እንጂ ሦስተኛ ሰው አይፈልግም።

ጥጃው ሲወለድ ንፍጡ ከአፍና ከአፍንጫው ይጠረግ፤ ካልተነፈሰ በጭድ ዘለላ አፍንጫውን መነካካት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያኽል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ እርጥብ ጥጃ ሊሞት ይችላል፤ በደረቅ ጆንያ ታሽቶ ይድረቅ። እትብቱ በአዮዲን ይነከር። እንገሩን በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓቶች ውስጥ ጠግቦ ይጥባ፤ ጥጃን ከበሽታ የሚጠብቀው ኀይል በእንገር ውስጥ ነውና ለቤተ ሰቡ ከሚፈላው በፊት የጥጃው ድርሻ ይቅደም።

የእንግዴ ልጅ ብዙውን ጊዜ በ12 ሰዓት ውስጥ ይወጣል። እስከ ማግሥቱ ቢቆይ ሐኪም ይየው እንጂ፥ አንዳንዶች እንደሚያደርጉት ድንጋይ አያንጠለጥሉበት፤ ማሕፀኗን ይጐዳልና። ከወለደች በኋላ ጆሮዋ ቀዝቅዞ፥ አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋ ብትተኛ፥ ይህ በብዙ ወተት ሰጪ ላሞች ላይ የሚደርስ የካልሲየም ማነስ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም በመርፌ ያድናታል። በአፏ መጠጥ መጋት ግን ሳንባዋ ገብቶ ሊገድላት ይችላል።

ክቡራን ሆይ፤ ይህን ሁሉ የምታነቡት እናንተ ናችሁ፤ በሌሊት ፋኖስ ይዞ በጋጣ የሚቆመው ግን ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ላማችሁን ስታስረክቡ በአንድ ወረቀት ላይ አራት ነገር ጻፉለት፤ የተዳቀለችበትን ቀን፥ የኮርማውን ዘር፥ የሐኪሙን ስልክ፥ የሐኪሙንም ዋጋ የምትከፍሉት እናንተ መሆናችሁን። እርሱም በበኩሉ ውሃው የታየበትን ሰዓት ይጻፍ። ከአራቱ ቃላት ይልቁንም አራተኛው ይበልጣል፤ ድኻ ጠባቂ እስከ ቀትር የሚዘገየው ምጡን ባለማወቅ ብቻ ሳይሆን ዕዳውን በመፍራትም ነውና። ያን ቀን በችሎት ይህ አንድ መስመር ተጽፎ ቢገኝ ኖሮ፥ ምናልባት እኛም የምንጽፈው መዝገብ ባልኖረ ነበር።