በራጅ ላይ የነጣ ሁሉ አጥንት አይደለም፦ የአጥንት ምትክ ቁሶችን በምስል ስለመገምገም የወጣ የአቋም መግለጫ

በአደጋ፣ በዕጢ ወይም ሥር በሰደደ የአጥንት ኢንፌክሽን የጎደለን አጥንት ለመሙላት የሚገቡ ምትክ ቁሶች በቀዶ ሕክምና ክፍሎች ውስጥ እየተለመዱ መጥተዋል። ከገቡ በኋላ ምን ላይ እንደደረሱ የምንከታተለው በአብዛኛው በምስል ነው። የአጥንት ቀዶ ሐኪሞችና የራዲዮሎጂ ባለሙያዎች የተሰባሰብንበት ማኅበር በዚህ ጉዳይ ላይ የያዘው አቋም የሚከተለው ነው፦ ምን ዓይነት ቁስ፣ መቼና የት እንደገባ ሳይታወቅ የተነበበ ምስል ግምት እንጂ የምርመራ ውጤት አይደለም።

ከታካሚው ከራሱ ዳሌ የሚወሰድ አጥንት ዛሬም ተመራጭ ነው። ሆኖም መጠኑ ውስን ነው፤ የተወሰደበት ቦታም ሌላ ቁስልና ሕመም ይተርፈዋል። በምትኩ ከምንጠቀምባቸው ቁሶች አብዛኞቹ የካልሲየም ውህዶች በመሆናቸው፣ አንድም የአጥንት ሕዋስ ሳይገባባቸው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በራጅ ላይ ነጭ ሆነው ይታያሉ። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጀሶ የምንለው ካልሲየም ሰልፌት (ጀርመናዊው ሐኪም ድሬስማን በ1892 እ.ኤ.አ. የአጥንት ጉድጓድ የሞላበት ቁስ ነው) ከዳር ወደ መሃል እየሟሟ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ከምስሉ ይጠፋል። ቤታ ትራይካልሲየም ፎስፌት ወራትን፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። ሃይድሮክሲአፓታይት ለዓመታት ይቆያል። ማዕድኑ የወጣለት የአጥንት ቁስ ደግሞ መጀመሪያውኑ በራጅ እምብዛም አይታይም። ስለዚህ በ3ኛው ወር «ቁሱ ጠፍቷል» ማለት ሕክምናው ከሽፏል ማለት አይደለም፤ «ቁሱ አለ» ማለትም አጥንቱ ገጥሟል ማለት አይደለም።

በኢንፌክሽን የተበላ የቅልጥም አጥንት ተጠርጎ፣ ጉድጓዱ አንቲባዮቲክ በያዙ የካልሲየም ሰልፌት እንክብሎች ተሞላ እንበል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከቁስሉ ጠራ ያለ ፈሳሽ ይወጣል፤ በራጁም የእንክብሎቹ ጠርዝ ደብዝዟል። የቀዶ ሕክምናውን ማስታወሻ ያላየ ሐኪም ኢንፌክሽኑ ተመለሰ ብሎ እግሩን ዳግም ሊከፍት ይችላል። ፈሳሹ ግን ቁሱ ሲሟሟ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ትኩሳት፣ መግል ወይም የደም ምርመራ ሳይደግፈው በራጅ ብቻ ቢላ ማንሳት አይገባም። ተቃራኒው ስሕተት በእኛ እይታ የባሰ ነው፦ የሃይድሮክሲአፓታይቱ ንጣት «ጥሩ ገጥሟል» ተብሎ ይጻፋል፣ ታካሚው ምርኩዙን ይጥላል፣ አጥንቱን ለመደገፍ የገባውና ክብደቱን ብቻውን የተሸከመው ብረት ከጊዜ በኋላ ይሰበራል። መታየት ያለበት ንጣቱ ሳይሆን ድንበሩ ነው። በቁሱና በነባሩ አጥንት መካከል ያለች ቀጭን ጥቁር መስመር እየሰፋች ከሄደች ቁሱ አልተዋሐደም፤ መስመሯ ጠፍታ የአጥንት ክሮች ድንበሩን ሲሻገሩ ከታዩ ነው ተስፋው።

በመሆኑም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ ከፊትና ከጎን የመነሻ ራጅ ሊነሣ ይገባል፤ ተከታዮቹም በዚያው አቅጣጫ ይነሡ። ረጅም አጥንት ገጥሟል የሚባለው በሁለቱ ምስሎች ከሚታዩት 4 የአጥንት ግድግዳዎች ቢያንስ 3ቱ ተገናኝተው፣ ታካሚውም ያለ ሕመም ሲረግጥ ነው። ሲቲ ስካን ራጅ ላልፈታው ጥርጣሬ እንጂ ለሁሉም ታካሚ በየቀጠሮው የሚታዘዝ አይደለም፤ ጨረሩም ዋጋውም ይታሰብ። በሲቲ የተለካ የጥግግት ቁጥር ከፍ ማለቱን የአዲስ አጥንት ማስረጃ አድርጎ መጻፍን እንቃወማለን፤ የካልሲየም ቁሱ ራሱ ጥቅጥቅ ነው። የአጥንት ጥግግት መለኪያም በዚሁ ምክንያት ቁሱ ያለበትን ስፍራ አያካትት። ኤምአርአይ ኢንፌክሽን ወይም የዕጢ መመለስ ሲጠረጠር ይረዳል። የኑክሌር አጥንት ስካን ግን በጤናማ ፈውስም ለወራት ሊደምቅ ስለሚችል ብቻውን ውሳኔ አይሰጥበትም።

በአገራችን ታካሚ ብዙ ጊዜ ፊልሙን በእጁ ይዞ ከሆስፒታል ሆስፒታል ይዘዋወራል። የቁሱ ስም ግን ቀዶ ሕክምናው በተደረገበት ቦታ ካርድ ውስጥ ይቀራል፤ የራጅ ማዘዣውም «ለክትትል» ከምትል አንዲት ቃል የማያልፍበት ጊዜ አለ። በዚህ ራዲዮሎጂስቱን መውቀስ ፍትሐዊ አይደለም። ሆስፒታሎች የቁሱን ስም፣ መጠንና የገባበትን ቀን በመውጫ ወረቀቱ ላይ እንዲያሰፍሩ፣ የማሸጊያውን ተለጣፊም ለታካሚው እንዲሰጡ እንጠይቃለን። አቅራቢዎች ቁሱ በራጅ ላይ እንዴት እንደሚታይና በስንት ጊዜ እንደሚሟሟ በጽሑፍ ያሳውቁ። ታካሚዎችም የመጀመሪያውን ራጅ እንዳይጥሉና በየቀጠሮው ይዘውት እንዲመጡ አደራ እንላለን።